ሁለተኛው በር

ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች ነው፤ ስም አለው፣
ልጅ አዋቂው ሁሉ ሳያፍር የሚጠራው።
ጎረቤቴ ስንዱ በአጥር ታቀብላለች
ዳማከሴ ቀጥፋ፤ «ፀሐይ ነው» ትላለች።
የሥጋ ዘመዱ ወረድ ብሎ ሲወጣ
አጥር የሚሻገር አንድም ቅጠል ታጣ።

እኛ ቤት «እሱ» ነው። «መጣ እሱ» እላለሁ፤
ይሁኔ ይነሣል፤
ወለል ላይ ሲያነጥፍ በጨለማ እሰማለሁ።
ከማን እንደጀመረ፣ ከእሱ ይሁን ከእኔ፣
አንድ ክረምት ሙሉ ተካሰስን እኔና ይሁኔ፤
ጥቅምት ላይ ደከመን፣ መዝገቡ ተዘጋ፣
ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይለይ ነጋ።

እንቦጭ ሲነቅል ይውላል፤ ሲመሽ ይመጣል፤
ጭቃው ከወገቡ ሳይደርቅ እራት ይቀርባል።
«ዛሬ ጠራ» ይላል፤ «ዘሩ ግን አይጠፋም፣
ዓመት ከሥር ቢተኛ ዝናቡን አይረሳም…»
ይተወዋል። ቀና ብሎ አያየኝም።
ስለ ሐይቁ ይሁን፣ አልጠየቅሁትም።

በሰባተኛ ወሬ በሩን ዘግቼ
ለሲስተር አትጠገብ ነገርኋት፣ ወለሉን አይቼ።
«ሄርፒስ ነዋ» አለች፣ ጉንፋን እንደምትል፤
እስክሪብቶዋ እንኳ አልቆመም፣ ወረቀቱ ላይ ሲኮለኩል።
«የቆየ ነው፤ ደምሽ ያውቀዋል፣ ይዋጋዋል፤
በሆድሽ ላለውም ከጋሻው ያካፍለዋል።
ከሠላሳ ስድስት ሳምንት ወዲያ ክኒን፣ በቀን ሦስቴ፤
ምጥ ሲይዝሽ ደግሞ አያለሁ በመብራቴ።
ቁስል ካላየሁ፣ ካልለበለበሽ፣
እንደ ማንም እናት አምጠሽ ትገላገያለሽ።
ካለ ግን…» ጣቷን ሆዷ ላይ አጋደመች፣
ቢላውን ያለ ቢላ፣ ከዳር ዳር አሳየች።

ክኒኑን የሻይ ቅጠል ጣሳ ውስጥ ደበቅሁ፤
«ለደም ማነስ ነው» ስል አማቴን ዋሸሁ።
እማ ጓዴ ከዘጌ በጀልባ መጥተዋል፤
«ሰባት ወልጃለሁ፤ ቢላ መች ነክቶኛል?
ማርያም ትቅረብሽ እንጂ፣ ሐኪም ምን ያውቃል!»

አባቴ የቀን ሠራተኛ ነበር፣ ኩንዝላ፣
ጣናን በዋሻ ወደ በለስ ሲያስኬዱት፣ በሌላ።
ሁለት በር አለው፣ ይል ነበር፣ ጣና፤
ዓባይን እግዜር ከፈተው፣ በለስን ሰው፣ ድንጋይ በሳና።
«ውሃው ቅር አይለውም» ይላል፤ «ዞሮ ዞሮ
ዓባይ ነው የሚገባው፣ በረሃ አድሮ።»

ሐምሌ ነው፣ ሌሊት፤ የባሕር ዳር ዝናብ ቆርቆሮ ይወግራል።
ሲስተር በመብራቷ አየች፤ «ንጹሕ ይመስላል።
የሚለበልብሽ አለ?» አለች፣ ቀስ ብላ።
ቆመዋል በሩ ላይ አማቴ፣ በነጠላ።
«የለም» አንዲት ቃል ናት፤ ቀላል ናት።
ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን፣ የማውቀው እሳት
እግሬ መሐል ነበር፣ እንደ ሳማ ቅጠል።
«አለ» አልኋት።
ስሙንም ጠራሁት፤ ጮክ ብዬ፣ አራት ፊደል።

ሊነጋጋ ሲል ልጄ መጣ በሁለተኛው በር፤
ይጮኻል እንጂ ቅር ያለው አይመስልም ነበር።
እማ ጓዴ ሦስት ቀን ምንም አላሉ፤
አጥሚት ያቀርባሉ፣ ጨርቅ ያጥባሉ፣ ዝም ይላሉ።

በአሥረኛው ቀን መጣች ስንዱ፣ ሳሙና ይዛ፤
ጎንበስ አለች ልትስመው፣ በደስታ ተይዛ፤
ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ምች፣ ትኩስ፣ ውሃ የቋጠረ።
ቃሌ ጉሮሮዬ ላይ ተሰናክሎ ሲቀር፣ እየዘገየ እያደረ፣
እማ ጓዴ ናቸው ክንዳቸውን የዘረጉ፤
«እሱ ሲድን ነይ» አሉ፣
በሩን ግን ሳይዘጉ።